የማይለመን በር

ማዳም ተናዙል እፈርምልሻለሁ ያለችኝ እየሳቀች ነው። ተናዙል አንዱ ከፊል፣ ማለት ያስመጣን አሠሪ፣ ለሌላው የሚሰጠው መልቀቂያ ነው፤ እሱ ከሌለ ከገቡበት ቤት ወጥቶ ሌላ ዘንድ መሥራት የለም። «የባቡሩ ኩባንያ ለዘለቄታው ከወሰደሽ እፈርማለሁ። አንቺን የሚወስድ ከተገኘ!» አለችና እህቷን ጠቀሰቻት። እህቷም ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በዚያ ቤት ሲሳቅብሽ አብረሽ ካልሳቅሽ ጥፋት ነው።

ቤቱ ጂዳ፣ ኑዝላ ነው። የምተኛው ከኩሽናው ጀርባ ባለች ክፍል ነበር። ክፍሏ በር የላትም። ድሮ ነበራት አሉ፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ቆልፋ ስታለቅስ ዋለች ተብሎ ተነቀለ። ማጠፊያው እስካሁን መቃኑ ላይ አለ። ፍሪጁ ከመኝታዬ ትይዩ ስለሆነ የማዳም ልጆች ውሃ ሊጠጡ ሲመጡ ሳይፈልጉም ያዩኛል፣ ፈልገውም ያዩኛል። ጎረምሶች ናቸው፤ ውሃ አብዝተው ይጠጣሉ። ስለዚህ በዚያ ሙቀት ከነአባያዬ ነበር የምተኛው። ያኔ አንድ ሰው ከዚህ አገር ምን ትፈልጊያለሽ ቢለኝ፣ ወርቅ አልለውም፣ በር ነበር የምለው።

ማዳም እናቷን ልታሳክም ወደ ውጭ አገር ስትሄድ ቤቱ ተዘጋ። እኔን ሥራ ፈትታ አትቀመጥ ብላ ለባቡሩ ሙከራ ሰው ለሚሰበስብ ደላላ ሰጠችኝ። መካ ውስጥ አዲስ ባቡር እየተሠራ ነበር፤ ሹፌር የሌለው፣ በራሱ የሚሄድ፣ በራሱ የሚቆም። እውነተኛ ሐጃጅ ከመጫኑ በፊት የውሸት ሐጃጅ ያስፈልገዋል። የውሸቶቹ እኛ ነበርን። አሸዋ የተሞላ ሻንጣ ይሰጡናል፤ እሱን እየጎተትን እንገባለን፣ እንወጣለን። ውደቁ ሲሉን እንወድቃለን፣ ታመሙ ሲሉን እንታመማለን። አንዳንዷ ወድቃ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

እትዬን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የሐይቅ ሰው ናቸው፤ እኔ ውጫሌ ስለሆንኩ አገራችን ይገናኛል። ጀርወል፣ ከካዕባው መስጊድ ከሐረሙ አጠገብ ካለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ሆቴሉ ሊፈርስ ነው ተብሎ ተበተኑ። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ የሚያድስላቸው ከፊል ካልተገኘ አገር ቤት ይሸኛሉ። ማደሪያ እንደሌለኝ ሲሰሙ ምንም ሳይጠይቁ ጀርወል ወዳለችው ክፍላቸው ወሰዱኝ። ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የሚያየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ግን በር አላት። እትዬ የመጀመሪያው ቀን ሁኔታዬን አይተው ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡና «አንቺ ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት፣ ደግሜ ዘጋሁት። አባያዬን አውልቄ በቀሚስ ብቻ ተቀመጥኩ። ያን ቀን የወደድኳቸውን ያህል የወለደችኝን እናቴን ወድጄ አላውቅም።

እትዬ የዱሮ ሰው ናቸው። ባቡሩን መጀመሪያ ያዩት ቀን ሁላችን ስንጋፋ እሳቸው ወደ ፊት ለፊቱ ሄዱ፤ ለካ ሹፌሩን ሰላም ሊሉ ነው። መስታወት ብቻ አግኝተው ተመለሱ። «ለሰላት ወርዶ ይሆናል፤ እንጠብቀው» አሉን። ሹፌር የለውም ስላቸው አላመኑኝም። «ታዲያ ሰው ቢዘገይ ማንን ይለምናል?» አሉ። ማንንም አይለምንም አልኳቸው። «ሱብሃነላህ» ብለው ጋቢናው ሊሆን የሚገባውን ባዶ ቦታ እንደገና አዩት።

መሳፈሪያው ከሐዲዱ በመስታወት ግድግዳ የታጠረ ነው። ግድግዳው የራሱ በሮች አሉት። ባቡሩ ሲቆም የእሱና የግድግዳው በሮች አንድ ላይ ይከፈታሉ፣ አንድ ላይ ይዘጋሉ። በመሀል ጥቂት ጊዜ አለች። በዚያች ጊዜ አንድ በር ስንት ሰው ይውጣል የሚለውን ነበር የሚፈትኑት። የእኛ በር አንድም ሰው አልዋጠም።

በእኛ በር የተሰለፍነው ሁላችንም ወሎዎች ነበርን። የወሎ ሴቶች በር ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዷ «ግቢ» ትላለች። ሌላዋ «ኧረ አንቺ ቅደሚ፣ አፈር ስሆን» ትላለች። «በአላህ፣ አንቺ እያለሽማ!» «ወላሂ አልቀድምም!» በዕድሜ ትልቋ እስክትለይ ድረስ ማንም አያልፍም፤ ትልቋም ተለይታ ቶሎ አትገባም፤ ብትገባ ጓጓች ይሏታላ። እትዬ ከሁላችን በዕድሜ ስለሚበልጡ እግራቸውን ደፉ ላይ አድርገው ወደ ኋላ እየዞሩ ሁላችንንም ይለምናሉ። በሩ ጮኸ፣ እግራቸውን አወጡ፣ ተዘጋ። ባቡሩ በእኛ በር በኩል ባዶውን ሄደ። በሚቀጥለው በር የገቡት የሌላ አገር ሴቶች በመስታወት እያዩን ሳቁብን።

ሥራውን የሚመራው ሙዲር መጣ። ቀጭን፣ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት ሰው ነበር። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለኝ፤ ዓረብኛው የሚቀናኝ እኔ ነበርኩ። ትልቅ ሰው ሳያስቀድሙ መግባት ነውር ነው አልኩት። አጠገቡ ለቆመው የውጭ አገር ሰው ተረጎመለትና ተሳሳቁ። ከዚያ ደግመን እንድናደርገው አዘዘ፤ እንደዚያ እንደተለማመንነው፤ እሱ በስልኩ ሊቀርጸን። እትዬ ሰውየው ወዷቸው መስሏቸው ይበልጥ አሳምረው ለመኑን፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አፈር ስሆን እያሉ። ፊልሙን ለማን ሁሉ እንዳሳየው አላህ ያውቃል። እኔ ፊቴ ነደደ። እሳቸው ደግሞ ማታ «ሰውየው ደግ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሙዲሩ አንድ ቀን ሰበሰበን። መሳፈሪያው ላይ ቆመው ሴት ተሳፋሪ የሚያስገቡ ሠራተኞች ኩባንያው እንደሚቀጥር፣ ኢቃማቸውንም ወደ ራሱ እንደሚያዞር ነገረን። ልቤ ዘለለ። «ግን» አለ፣ «ራሷ መግባት የማትችል ሴት ሌላውን አታስገባም። በመጨረሻው ሙከራ ፉርጎውን አስቀድሜ እሞላዋለሁ። በሩ ሲዘጋ ውስጥ የተገኘች ከእኛ ጋር ትቀራለች። ውጭ የተገኘች ኸላስ፣ ወደ ከፊሏ።» ይህን ሲል ደስ እያለው ነበር። ተርጉሚላቸው አለኝ። ተረጎምኩ። ሴቶቹ ተያዩ፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ በር ላይ አፈር ስሆን የምትል ብዙም አልሰማሁም።

እትዬ ብቻ አልተለወጡም። «እኔስ አርጅቻለሁ፤ አገሬ ልግባ፣ የልጅ ልጆቼን ልይ» ይሉ ነበር። «አንቺ ነሽ መቅረት ያለብሽ። ያችን በር የሌላትን ክፍል እያሰብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።» እኔ ግን እንዲቀሩ ፈለግሁ፤ ሁለታችንም ቀርተን በዚያች ክፍል እንድንኖር። ስለዚህ መጋፋት አስተማርኳቸው። ከሥራ ስንመለስ የክፍላችን ደፍ ላይ እቆምና «ግፉኝና ይግቡ» እላቸዋለሁ። ትከሻዬን በመዳፋቸው ይነኩታል፤ እንደ ማባበል። «እንዲህ አይደለም! ይሉኝታዎን ይጣሉት! ይሉኝታ እዚህ አገር ምን ሠራልዎት? አንሶላ አሳጠበዎት!» ብዬ እጮህባቸዋለሁ። ክርናቸውን ይዤ የት እንደሚገባ አሳየኋቸው፤ ከጎን አጥንት በታች፣ ለስላሳው ቦታ ላይ፤ እዚያ የተመታ ሰው ሳይወድ በግድ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ቦታ ይከፈታል። ያን ለመማር ስንት አለቀሱ። «ልጄን እንዴት በክርኔ እመታለሁ?» እያሉ ጎኔን ያሹኝ ነበር።

በመጨረሻው ሙከራ ዋዜማ እትዬ እጄን ያዙኝ። «ስሚኝ። አንቺ ከፊት ቁሚ። እኔ ከኋላሽ ሆኜ እገፋሻለሁ። ያስተማርሽኝን ሁሉ ላንቺ ነው የማደርገው፤ ወላሂ» አሉኝ። አመንኳቸው። እንኳን ያኔ፣ ዛሬም ያን ሲሉ የዋሹ አይመስለኝም።

በማግስቱ ሙዲሩ እንዳለው ፉርጎውን አስቀድሞ በወንዶችና በሻንጣ ጠቅጥቆት መጣ። በሮቹ ሲከፈቱ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነበር። የወሎዎቹን ሴቶች ብታዩዋቸው አታውቋቸውም ነበር። ሻሽ ተጎተተ፣ ጫማ ወለቀ፣ አንዷ የአንዷን ፀጉር ይዛ ገባች። እነዚያ አፈር ስሆን ባዮቹ! ሙዲሩ እንደ ኳስ ተመልካች ያጨበጭብ ነበር። እኔም ማንን እንደገፋሁ ሳላውቅ ደፉ ድረስ ደረስኩ። ከፊቴ አንድ ሰው የምትይዝ ቦታ ነበረች። እግሬን ማንሳት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ የእትዬ ትንፋሽ ተሰማኝ። እያለከለኩ ነበር፤ እንደ አሮጊት። ዞርኩ። ከአፌ ምን እንደወጣ ልንገራችሁ፤ «አንቱ ይቅደሙ» አልኩ። አስቤ አይደለም። ሰው ሳያስበው እንደሚያስነጥሰው ነው። ለሳምንታት ጣሉት ጣሉት ብዬ የጮህኩበት ይሉኝታ የእኔው አፍ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። እንዲያውም ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ሄድኩላቸው።

ክርናቸው ልክ ያስተማርኳቸው ቦታ ላይ ገባ። ታጠፍኩ። አሸዋ የተሞላ ሻንጣ ላይ ወደቅሁ። ቀና ስል እትዬ ውስጥ ናቸው፤ በሩ እየጮኸ ነው። «ሹፌር!» ብዬ ጮህኩ። አዎ፣ ሹፌር! ደሴ መናኸሪያ የቀረሁ ይመስል፣ «ሹፌር፣ አንዴ! ሹፌር!» እያልኩ መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ሙዲሩ እስኪያስለው ሳቀ። ከመስታወቱ ማዶ እትዬ ፊት ለፊት ያዩኛል። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። የተንሸራተተ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ባቡሩ ሄደ።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ይባላል፤ እኔ ግን እንዴት እንደሚነከስ ጭምር ነበር ያስተማርኩት።

ጀርወል ሄጄ ልብሴን ስሰበስብ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ለመግባት እያመነቱ ነበር፤ በገዛ ክፍላቸው። «ቀደር ነው ልጄ፤ የተጻፈ ነው» አሉ።

«በክርንዎ ነው የተጻፈው» አልኳቸው።

«እኔ እኮ... እግሬ ነው የሄደው። አገሬ ማን አለኝ? ልጆቼ ራሳቸው ዘመድ ቤት ተጠግተው ነው ያሉት፤ እናቴ መጣች ብለው የሚያስጠጉኝ ይመስልሻል?» አሉ። ደግሞ «አንቺ ወጣት ነሽ፤ አላህ ሌላ በር ይከፍትልሻል» አሉኝ።

ጠላኋቸው። ይህን ቃል ላለሳልሰው አልፈልግም፤ ጠላኋቸው። ችግራቸው ገብቶኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ ግን የሰው ችግር ሲገባን የምንምረው ክርኑ በእኛ ጎን ላይ ካላረፈ ነው። ቁልፉን መሬት ላይ አስቀምጬላቸው ወጣሁ። ጎንበስ ብለው ሲያነሱት ሰማሁ።

ማዳም ተመልሳ በሩን ስትከፍትልኝ «አላልኩሽም?» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እናቷ ዊልቸር ላይ ሆነው ነበር የተመለሱት፤ እሳቸውን መግፋት፣ ማጠብና ማገላበጥ በሥራዬ ላይ ተጨመረ። ክፍሏም እንዳለች ናት። አንደኛው ልጅ በሌለሁበት መቃኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ለጥፎበታል።

ባቡሩ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ረመዳን ማዳም፣ እህቷና እናቷ ለዑምራ ወደ መካ ወጡ። እኔ ዊልቸር ገፊ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። ከሐረም ስንመለስ ባቡር እንሳፈር ተባለ። መሳፈሪያው አፍ ለአፍ ሞልቷል። በሴቶቹ በር ላይ አንዲት ሠራተኛ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣ መገናኛ ሬዲዮ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ «ያላ! ያላ!» እያለች ሰው ታስገባለች። ፊቷን ወደ እኛ ስታዞር እትዬ ሆኑ።

ወፍረዋል። ክንዳቸው ተፈትቷል። አንዷን ወፍራም ሴት በመዳፋቸው ጀርባዋን ብለው እንዴት እንዳስገቧት ብታዩ! እኔ ካስተማርኳቸው በልጠዋል። ባቡሩ ሲቆም ማዳምና እህቷ ገቡ፤ እኔም ዊልቸሩን አሳልፌ አስገባሁ፤ ቦርሳ ላነሳ ወደ ኋላ ተመለስኩ። እትዬ ያን ጊዜ አዩኝ። ክንዳቸውን ዘርግተው ያን ሁሉ ሰው አገዱልኝ። «ግቢ ልጄ። አንቺ ቅደሚ፣ አፈር ስሆን» አሉኝ፤ በዚያ በድሮው ድምፃቸው።

አሁንማ ምን ይጎድልባቸዋል? ቦታው ያኔ አንድ ብቻ በነበረ ጊዜ የት ነበር አፈሩ? ደሜ ፈላ። እግሬን አላነሳሁም። «የለም፣ አንቱ ይቅደሙ» አልኳቸው፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። በሩ ጮኸ። ማዳም ከውስጥ «ያላ! ምን ይገትርሻል?» ትላለች። ተዘጋ። ማዳም መስታወቱን በሁለት እጇ ስትደበድብ አየኋት፤ አፏ ይከፈታል ይዘጋል፣ ድምፅ የለም። እኔም ሻሼን አስተካከልኩ። ባቡሩ ይዟቸው ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እትዬ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። «ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ? በእኔ በር?»

ያሰብኩት ነገር አልነበረም፤ ግን አንዴ ከቀረሁ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣልኝ። «እትዬ፣ የጀርወሏን ክፍል ቁልፍ ይስጡኝ» አልኳቸው። «ዛሬን ብቻ ያሳድሩኝ። ነገ ጂዳ፣ ሩዋይስ እሄዳለሁ፤ እዚያ የአገራችን ሴቶች አሉ፣ ይደብቁኛል። ሁለተኛ አላስቸግርዎትም። ያደረጉብኝን ሁሉ በዚህች ይቅር ብያለሁ።» ክንዳቸውን ይዣለሁ። በሕይወቴ ሰው ለምኜ የማውቀው ያን ቀን ነው።

እንባቸው መጣ። እውነተኛ እንባ ነበር፣ አይቼዋለሁ። እጃቸውም ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ቁልፎቹ ሲንኳኩ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ደረታቸው ላይ ያለው ሬዲዮ ተንጫጫ። የሙዲሩ ድምፅ ነው። ከሴቶቹ በር አንዲት የቤት ሠራተኛ ቀርታለች፣ አሠሪዋ በሚቀጥለው ጣቢያ እየጠበቀቻት ነው፣ በሚመጣው ባቡር ትላክ አለ። እትዬ ቀና ብለው ከጣሪያው ላይ የሚያየንን ካሜራ አዩ። እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ባዶ ነበር።

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ ልጄ» አሉኝ። «በእኔ በር አይሆንም።»

የሚቀጥለው ባቡር ደረሰ። በሮቹ ተከፈቱ። ደፉ ላይ ቆሜ አልገባም ብዬ እግሬን ተከልኩ። ክርናቸው መጣ፤ ከጎን አጥንት በታች፣ ለስላሳው ቦታ ላይ። ታጠፍኩ። «ግቢ» አሉኝ እያለቀሱ፣ በሌላው እጃቸው ጀርባዬን እየገፉ፣ «ግቢ፣ አፈር ስሆን፣ ግቢልኝ።»

በሩ ተዘጋ። በሚቀጥለው ጣቢያ ሲከፈት ማዳም ፊት ለፊት ቆማ ነበር።